ከሙላው ማመልከቻ ሥር

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀይማኖት አህመዲን፣ ባለሽበት በሰው አገር

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቼ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። አገሩም ደህና ነው፤ ስንዴው አሽቷል። የአያቴ ወንድም የልጅ ልጅ ሆነሽ ሳለ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍሽልኝም። የሰው ዕቃ ማጠብ ጊዜ እንደማይሰጥ ስለሚገባኝ ይቅር ብዬሻለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለመሥሪያ ቤታችን ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ኮምፒዩተር ተሰጥቶናል። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ የተቀመጠው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለቤቴም የዳንቴል ልብስ ሠርታለታለች። ችግሩ፣ ማመልከቻዎቹን ለየብቻ እየጻፍኩ ሳስቀምጥ መልሼ አላገኛቸውም። ባለፈው የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሦስት ቀን ተፈልጎ ከልጄ የሰርግ ፎቶዎች መካከል ተገኘ። አንቺ ይህን ነገር ደሴ ድረስ ሄደሽ ተምረሽዋል። ትምህርትሽ ለማንም ሳይጠቅም ከሚቀር፣ ማመልከቻዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ነገር አዘጋጅተሽ በፍላሽ ላኪልኝ።

እናትሽ እትዬ በዛች በገበያ ቀን መጥተው ነበር። ጎረቤታቸው ሙላው ድንበር ገፍቶ አረሰብኝ ስለሚሉት ግማሽ ጥማድ ማሳ ያስገቡትን ማመልከቻ ተቀብያለሁ። በሂደት ላይ ነው። ዘመዶች ስለሆንን በልዩ ሁኔታ እንደምከታተለው አትጠራጠሪ።

ወንድምሽ ንጉሡ


ኩዌት፣ ኅዳር 18 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ንጉሡ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ። አላህ ዕድሜና ጤና፣ ከሁለቱም ጋር ጥቂት ማስተዋል ጨምሮ ይስጥዎ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ኮምፒዩተር ስለደረሰዎ እንኳን ደስ አለዎ። ለዚያ የሥራ ቦታ ስንወዳደር እኔ ዲፕሎማ፣ እርስዎ “ረጅም ልምድ” ይዘን ቀርበን በልምድ ማሸነፍዎን አልረሳሁም። በፈተናው ዕለት “ይህ ነገር የሚከፈተው በየት ነው?” ብለው የጠየቁትም እኔን ነበር። አሳየሁዎ፣ ከፈቱት፣ አለፉ። እኔም ኩዌት ገባሁ።

የማዳም ሴት ልጅ የጣለችው አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። የጠየቁኝን በእሱ ሠርቻለሁ። ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ነው፤ ጌጥ የለው፣ ሥዕል የለው፤ ባለቤትዎ የሠሩለት ዳንቴል ይበቃዋል። ፋይሉ አንድ ነው። እያንዳንዱ ባለጉዳይ በኮከብ ምልክት የሚጀምር አንድ ማስታወሻ አለው፤ ከላይ የሰውየው ስም፣ ከሥር ነገሩ። ማስታወሻውን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለማዛወር ሁለት ቁልፍ ይጫናሉ፤ “ወዴት?” ብሎ ይጠይቅዎታል፤ ይመርጣሉ። ስሙ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል።

ወዴት ወዴት መዛወር እንደሚቻል የሚወስነው ሴቲንጉ ላይ የተጻፈ ዝርዝር ነው። ሁሉም የሚገባው “አዲስ” ውስጥ ነው፤ ከዚያ መሄጃው ሦስት ብቻ ነው፦ “ቀጠሮ የተያዘለት”፣ “ውሳኔ የሚጠብቅ” እና “ያለቀ”። አቤት ያለ ሰው ከዚህ ሌላ መሄጃ አያስፈልገውም። “በሂደት ላይ” የሚል ቦታ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ዝርዝሩን አይንኩት።

የእናቴን ማስታወሻ “ቀጠሮ የተያዘለት” ውስጥ ያስገቡልኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ዓመቱን የሚያደርሳት ያ ግማሽ ጥማድ ነው። ሌላው መሬቷ ድንጋይ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።

ፍላሹን የምታመጣልዎ አልታዬ ናት፤ ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ እናቴ መንደር የምትመለስ ጓደኛዬ።

እህትዎ ሀይማኖት


መካነ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀይማኖት፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ እንዳልልሽ አንቺ በአባትሽ ወጥተሻል፤ ብቻ በደህና ሰንብቺ። ፍላሹ ደርሶኛል። ይሠራል። ምስጋናዬን ተቀበይ።

ነገር ግን ሦስት ቦታ ምን ይሉታል? እህቴ፣ ቢሮ ኩሽና አይደለም። ኩሽና ውስጥ ዕቃ ወይ ታጥቧል ወይ አልታጠበም። ቢሮ ውስጥ ግን ጉዳይ ይመራል። ስለዚህ “ማስረጃ የጎደለው”፣ “ወደ ቀበሌ የተመለሰ”፣ “ለሚመለከተው የተመራ” እና “ሰብሳቢው ከስብሰባ ሲመለሱ የሚታይ” የሚሉትን በአስቸኳይ ጨምሪልኝ። እኔ ራሴ ልጨምር ሞክሬ ፊደሉ ሁሉ ቀይ ሆነብኝ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተስተካከለ።

የእትዬ በዛች ማስታወሻ “አዲስ” ውስጥ ነው ያለው። “ቀጠሮ የተያዘለት” ውስጥ እንዳላስገባው ቀጠሮ የሚሰጡት ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰብሳቢው ሲመለሱ የሚታይ የሚል ቦታ ደግሞ አንቺ አልሠራሽም። እንግዲህ ጉዳያቸው የዘገየው በማን እንደሆነ ልብ በይ።

ሙላውም በበኩሉ ማሳው በስሙ ይመዝገብልኝ ብሎ አመልክቷል። ሰዎች ክፉ ነው ሲሉት እሰማለሁ፤ እኔ ግን ትሑት ሰው ሆኖ ነው ያገኘሁት። ነጭ ማር ይዞ ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቀን። ልጆቹ ወደዱት።

ወንድምሽ ንጉሡ


ኩዌት፣ የካቲት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ንጉሡ፣

አላህ ከስብሰባ ይጠብቅዎ። ሰብሳቢውንም በሰላም ይመልስልዎ።

የጠየቁኝን አራት ቦታዎች ጨምሬያለሁ። እናቴ ከመንደሯ ሦስት ሰዓት በእግሯ መጥታ፣ ከአንዱ መሄጃ ወደ ሌላው ስትመራ፣ መጨረሻ ላይ ከተነሳችበት እንድትገኝ አድርጌ አሰናድቼልዎታለሁ። “ባለጉዳዩ ሲሞት የሚታይ” የሚል አምስተኛ ቦታም ልጨምር አስቤ ነበር። ሐሳቡን ከእርስዎ ቀድሜ ማንሳት ድፍረት መስሎኝ ተውኩት።

ስለ ኩሽና የጻፉትን አንብቤያለሁ። እውነትዎን ነው። ኩሽና ውስጥ ያልታጠበን ዕቃ “ለሚመለከተው የተመራ” ብሎ መደርደሪያ ላይ መስቀል አይቻልም፤ ማዳም ታየዋለች። ቢሮዎ ማዳም የለውም።

ማሩ ለልጆቹ ይስማማቸው።

አሁን የቀረ ሰበብ የለም ጋሼ። ሰብሳቢው ሲመለሱ የእናቴን ማስታወሻ “ቀጠሮ የተያዘለት” ውስጥ ያስገቡ። አንዴ ትሰማ። ተሰምታ ብትረታ እኔ አፌን እዘጋለሁ፤ የድንበሩን ድንጋይ ግን አባቴ ሲተክል አገር አይቷል።

እህትዎ ሀይማኖት


መካነ ሰላም፣ ሰኔ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀይማኖት፣

እንደምን ከርመሻል? መልስ የዘገየብሽ በሥራ ጫና ነው። ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። ከዞን ጎብኚዎች መጥተው ማስታወሻዎቹን ከቦታ ቦታ ሳዛውር አይተው ተደነቁ። “ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ሊሰፋ ይገባል” ተባለ። ማን ሠራው ሲሉኝ “በራሳችን አቅም” አልኩ። ያንቺን ስም ያላነሳሁት የውጭ ነገር ነው ብለው እንዳያናንቁት ነው። የምስክር ወረቀቱን ባለቤቴ ሳሎን ሰቅላዋለች።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። የገቡት ማስታወሻዎች ሦስት መቶ ደርሰዋል። ያልተዘጋ ጉዳይ ሲበዛ ግምገማ ላይ ያስወቅሳል። እኔ የተገነዘብኩት፣ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ሙላውና እናትሽ የሚጣሉበት ማሳ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን ሁለት ሆነው ይቆጠራሉ? ስለዚህ ማስታወሻ ከማስታወሻ ሥር እንዲገባ አድርጊልኝ። “ወዴት?” ብሎ ሲጠይቀኝ ክፍሎቹን ብቻ ሳይሆን የባለጉዳዮቹን ስም ሁሉ ይዘርዝርልኝ። የአንዱን ከሌላው ሥር እየከተትኩ ቁጥሩን አሳንሰዋለሁ።

የእትዬ በዛች ጉዳይ ሰብሳቢው ከተመለሱ በኋላ “ማስረጃ የጎደለው” ውስጥ ቆይቶ አሁን “ለሚመለከተው የተመራ” ውስጥ ደርሷል። ከዚህ በላይ ምን ይደረግልሽ?

ወንድምሽ ንጉሡ


ኩዌት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ንጉሡ፣

እንኳን ደስ አለዎ፤ በራስዎ አቅም የሠሩት ነገር ተሞክሮ በመሆኑ ኮርቻለሁ። አላህ የሰቀሉትን ወረቀት ከምስጥ ይጠብቅልዎ።

ረመዳን ነው። በቀን ለሃያ ሰው ምግብ እሠራለሁ፣ እጄ ሳንቡሳ ሳንቡሳ ይሸታል፤ ስለዚህ ረጅም አልጽፍም። ያሉትን አድርጌያለሁ። ዝርዝሩን ከፍቼ ማንኛውንም ስም፣ እስከ ታች ድረስ፣ መሄጃ አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ ማንም ከማንም ሥር ይገባል። አገሩም እንዲሁ ስለሆነ አይቸገሩም።

ስለዚህ አሠራር ላስጠነቅቅዎ የሚገባ ነገር ነበር። ብጽፈውም የሚገባዎ አልመሰለኝም፤ ለሰብሳቢው ቢያነቡላቸውም “ለሚመለከተው ይመራ” ነው የሚሉት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ቀለሜን አላባክንም።

እናቴን ይስሟት።

ሀይማኖት


ኩዌት፣ ጥር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ ንጉሡ፣

ስድስት ወር ሆነ፤ መልስ የለም። ማዳም ስልኬን የምትሰጠኝ ዓርብ ዓርብ ነው፤ በደወልኩ ቁጥር አያነሱም። እናቴን በአልታዬ ስልክ አገኘኋት። “ሁሌም ነገ ነይ ይለኛል፤ ግን በክብር ነው፣ ወንበር ያስመጣልኛል” አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን እኔ እንደሠራሁት አልታዬ ነግራታለች። ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ “ያ ጠረጴዛው ላይ ያለው የልጄ ሥራ ነው” እያለች ታወራለች አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴም አናደደኝ።

አንድ መስመር ይጻፉልኝ። ምን ላይ ደረሰ?

ሀይማኖት


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሀይማኖት፣

እንኳን ለግንቦት 20 አደረሰሽ። በበዓሉ ላይ ባቀረብነው ሪፖርት ከገቡት ጉዳዮች ዘጠና ስምንት በመቶው አልቀዋል ተብሎ ተጨብጭቦልናል። ያቺ የመጨረሻዋ ማሻሻያሽ ጠቅማለች።

የሙላው ጉዳይ ግንቦት 1 ቀን ውሳኔ አግኝቷል። ማሳው በስሙ ተመዝግቦ ደብተሩን ወስዷል። እኔም ማስታወሻውን “ያለቀ” ውስጥ አስገባሁት። በሳምንቱ እትዬ በዛች ቀጠሮዬ መቼ ነው ብለው መጡ። ስማቸውን ብፈልግ “ያለቀ” ውስጥ አገኘሁት። እኔ በእጄ እዚያ አላስገባሁትም። ባለፈው ዓመት ከሙላው ሥር ከትቼው ነበር፤ አሁንም ከሙላው ሥር ነው። ሰብሳቢውን ጠርቼ ባሳያቸው “ያለቀ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አይታይም” አሉ። የእኔ ጥፋት እንዳይመስልሽ፤ ማሽኑ ያንቺ ነው።

ስለ እናትሽ ግን ሳላመሰግን አላልፍም። እንዲህ ዓይነት ባለጉዳይ ቢበዛልን! ሌላው ቢሆን ጠረጴዛ ይደበድባል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል። እሳቸው ስክሪኑን ቀረብ ብለው አዩና “ልጄ የሠራችው አልቋል ካለ አልቋል፤ ልጄ አትሳሳትም” ብለው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው መዝጊያ ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። እስከ ሰኔ 30 ድረስ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ አለ። እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሳሁባቸውም።

አንድ የመጨረሻ ነገር ብትጨምሪልኝ፦ ጉዳዩ አልቆ ሳለ እንደገና እየመጣ የሚጨቀጭቅ ባለጉዳይ ስላለ፣ ለእነሱ የሚሆን አንድ መሄጃ ሥሪልኝ። ስሙን አንቺ አውጪለት፤ ስም ማውጣት ላይ ጎበዝ ነሽ።

ወንድምሽ ንጉሡ


ኩዌት፣ ሰኔ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ ንጉሡ፣

ዛሬ ምርቃት የለኝም። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ፈንታዬ የምትባል የአገራችን ልጅ ነገ ወደ አገር ቤት ትበራለች፤ ይህን እሷ ታመጣልዎታለች። ሰኔ 30 ሊሞላ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል።

የሆነው ይህ ነው። እናቴን ከሙላው ሥር ከተቷት። ሙላውን ወደ “ያለቀ” ሲያዛውሩ ከሥሩ ያለችው እናቴ ተከትላው ሄደች። ማንም አልሰማትም፣ ማንም አልፈረደባትም። የሙላው ማስታወሻ ጎትቶ ነው የወሰዳት። ሌሎቹም ዘጠና ስምንት በመቶ ብለው ያስጨበጨቡባቸው ስንቶቹ እንዲሁ እንደሄዱ እርስዎም አያውቁም።

መጀመሪያ በጻፍኩልዎ ደብዳቤ ላይ “ስሙ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተከትሎት ይሄዳል” ብዬ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝርዝሩን ስከፍት ደግሜ ልጽፈው ይገባ ነበር፦ ሰውን ከሰው ሥር አይክተቱ፣ የላይኛውን ሲያነሱ የታችኛውም ይነሳል ብዬ። አንድ መስመር ነበር። አውቄ ተውኩት። አይገባውም ብዬ ናቅሁዎ። ናቅሁዎ ጋሼ፤ ፈተናው ዕለት ካሳየሁዎ ቀን ጀምሮ ስንቅዎ ኖሬያለሁ፤ ደብዳቤ በጻፍኩልዎ ቁጥርም ንቀቴን እንደ ጥሩ ወጥ ስቀምሰው ነበር። እናቴ “የናቁት ያደርጋል ራቁት” ትል ነበር። እርስዎን መናቄ እርስዎን ምንም አላደረገዎትም። የእናቴን ማሳ ነው ያሳረሰው።

ስለ ማሩም፣ ስለ ወንበሩም፣ ስለ ምስክር ወረቀቱም አልናገርም። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። “ያለቀ” የሚለውን ይክፈቱ። ሙላው ከሚለው ሥር በዛች የሚል ያገኛሉ። እሱ ላይ ይቁሙና ሁለቱን ቁልፍ ይጫኑ። “ወዴት?” ሲልዎ “ቀጠሮ የተያዘለት” ይበሉት። እኔ የምለምነውን ማሽኑ ይታዘዛል፤ እርስዎም ይታዘዙ። የጠየቁኝን አዲስ መሄጃ አልሠራሁም፤ ፍላሽም አልላክሁም።

ቢያደርጉትም ባያደርጉትም ፈንታዬ ሌላ ደብዳቤ ይዛለች፤ ለአልታዬ ትሰጣታለች፣ አልታዬ ለእናቴ ታነብላታለች። ምን እንዳልኳት ከሰው አፍ ከሚሰሙ ከዚህ በታች ገልብጬልዎታለሁ።

“እማዬ፣ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። አልታዬ ቀስ ብላ ታንብብልሽ። ንጉሡ ጠረጴዛ ላይ ያየሽው ነገር እኔ የሠራሁት ነው፤ ግን ተሳስቷል። ጉዳይሽ አላለቀም። ማንም አይቶት አያውቅም። የፈረምሽው ባልተሰማሽበት ነገር ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ነገር መናገር ሲገባኝ ኮርቼ ዝም አልኩ። አሁን በገበያ ቀን አትጠብቂ፤ ይህ በተነበበልሽ ማግስት ከአልታዬ ጋር ሂጂ። ይግባኝ እላለሁ በይ፤ እስከ ሰኔ 30 መብትሽ ነው። ወንበር ቢሰጥሽ አትቀመጪ። ማሽኑ አልቋል ይላል ካሉሽ፣ የሠራችው ልጄ ናት፣ ተሳስቻለሁ ብላ ጽፋልኛለች በይና ይህን ወረቀት አሳዪያቸው። ወረፋ ላይ ላሉትም ንገሪ፤ ስማቸው ከማን ሥር እንደገባ ይጠይቁ። እማዬ፣ ልጄ አትሳሳትም ማለቱን ተዪና ጩኺ።”

ሀይማኖት